ከዶሮ እስከ ግሪንላንድ፦ ስለ አሜሪካና አውሮፓ ጠብ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቻናል እየተዘዋወረ ነው። ለኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ጉዳዩ የአሜሪካና የአውሮፓ መቃቃር ነው። ጥሩ አድርጎ ጽፎታል፤ ይህን አልክድም። የጸሐፊውን ስም አላነሳም፤ ጉዳዬ ከሐሳቡ እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም። ሐሳቡ ግን በኔ እምነት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። የተሳሳተ ሐሳብ ደግሞ በጥሩ አማርኛ ሲጻፍ ቶሎ ይዛመታል።

መጀመሪያ ፍሬ ነገሩን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ አሜሪካና አውሮፓ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እንደ ወንድማማች ኖረዋል፤ ያጣላቸው ዶናልድ ትራምፕ ነው፤ እሱ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ አውሮፓ ይህን ሁሉ ዘመን በአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ በነፃ ተጠብቃ ኖራለች፤ የጦር ኅብረታቸውን የኔቶን ሂሳብ የምትከፍለው አሜሪካ ናት። ሦስተኛ፣ የአሜሪካን የውጭ ፖሊሲ የሚወስኑት ከመጋረጃ ጀርባ ያሉ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችና የስለላ ድርጅቶች ናቸው፤ ኮንግረሱም መራጩም ለታይታ ነው። አራተኛ፣ ፕሬዚዳንቱ በፈለገው ቀን በአንድ ፊርማ ከኔቶ መውጣት ይችላል፤ ኔቶ ሞቷል፣ የቀረው ቀብሩ ነው። አምስተኛ፣ የነሱ ጠብ ለኛ ለአፍሪካውያን ሲሳይ ነው።

ልብ ብሎ ላነበበ አንደኛውና ሦስተኛው እርስ በርስ ይጣላሉ። ሁሉን የሚወስኑት ከመጋረጃ ጀርባ ያሉት ከሆኑ፣ አንድ ሰው እንዴት ብቻውን አፈረሰው? ብቻውን ማፍረስ ከቻለስ መጋረጃው የታለ? ጸሐፊው አንዱን መምረጥ ነበረበት። ለነገሩ ሁለቱንም ባይመርጥ ይሻለው ነበር። የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ የሚበስለው እዚያው አገር ቤት ነው፤ በየግዛቱ፣ በየምርጫ ክልሉ፣ በየፋብሪካው በር። ያውም ብዙውን ጊዜ በአደባባይ። ትራምፕ ራሱ የዚህ ውጤት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከመጀመሪያው ልጀምር። “እንደ ወንድማማች ኖረዋል” የሚለው ለእራት ግብዣ ንግግር ይሆናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1956 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር ተማክረው ግብፅን ወረሩ፤ ሱዌዝን ለመያዝ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ምን አደረገ? የእንግሊዝ ፓውንድ እየወደቀ ሳለ የገንዘብ ድጋፍ የምታገኝበትን በር ዘጋባት። ጦሯን አስወጣለሁ ሳትል አልከፈተላትም። በ1966 ፕሬዚዳንት ደ ጎል ፈረንሳይን ከኔቶ የጦር ዕዝ አወጣ፤ የአሜሪካ ወታደሮች አገሩን ለቀው ሄዱ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ ብራሰልስ ተዛወረ። በነሐሴ 1971 ኒክሰን ወዳጆቹን ሳያማክር ዶላርን ከወርቅ ፈታው፤ በዚያው ንግግር በገቢ ዕቃ ላይ የ10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። አውሮፓውያኑ ሲጮኹ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆን ኮናሊ “ዶላሩ የኛ ነው፣ ችግሩ ግን የናንተ” ብሎ አረፈው። በ1982 ሬገን በሶቭየት የጋዝ ቧንቧ ሰበብ የአውሮፓ ኩባንያዎችን ሲቀጣ፣ የልብ ወዳጁ የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር እንኳ ተቆጣችው። በ2003 ፈረንሳይ የኢራቅን ጦርነት ስትቃወም የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ካፍቴሪያ “ፍሬንች ፍራይስ” የሚለውን ከሜኑው ፍቆ “ፍሪደም ፍራይስ” አለው። የድንች ጥብስ ሳይቀር ዜግነት ቀየረ።

ከሁሉም ግን እኔ የምወደው የዶሮውን ጠብ ነው።

በ1950ዎቹ አሜሪካኖች ዶሮን እንደ ፋብሪካ ዕቃ በገፍ ማምረት ቻሉ። ዋጋው ወረደ። በረዶ የሆነው የአሜሪካ ዶሮ የምዕራብ ጀርመንን ገበያ አጥለቀለቀው። የአውሮፓ ገበሬዎች አቤት አሉ፤ የአውሮፓ የጋራ ገበያም በ1962 በዶሮ ላይ ጠንከር ያለ ቀረጥ ጫነ። እንግዲህ የበርሊን ግንብ ከተሠራ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ዊልያም ፉልብራይት ነበር፤ በስሙ የሚጠራውን የትምህርት ዕድል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ይህ የተከበረ ሰው ስለ ኔቶ የኒውክሌር ትጥቅ በሚደረግ ክርክር መሀል ተነሥቶ ስለ ዶሮ ቀረጥ ተሟገተ። ለምን? የተመረጠው ከአርካንሳስ ነዋ! አርካንሳስ የዶሮ አገር ናት። የጀርመኑ መሪ አደናወርም ከኬኔዲ ጋር ከተጻጻፉት ግማሹ ያህል ስለ ዶሮ እንደነበር በቀልድ ተናግሯል።

በታኅሣሥ 1963 ፕሬዚዳንት ጆንሰን አጸፋውን መለሰ። በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪንና በብራንዲ ላይ ቀረጥ ከፍ አደረገ፤ በቀላል የጭነት መኪና ላይ ደግሞ 25 በመቶ ጣለ። የጭነት መኪናው ነገር ያነጣጠረው ቮልስዋገን ላይ ነበር። የመኪና ሠራተኞች ማኅበሩ የጀርመን መኪና መብዛቱ አስጨንቆታል፤ የ1964ቱ ምርጫም ደርሷል። የሌሎቹ ቀረጥ ከጊዜ በኋላ ተነሣ፤ የጭነት መኪናው ግን ሥር ሰደደ። ዳላስ ወይም ሜሪላንድ ዘመድ ያለው ሰው ይጠይቅ። መንገዱን የሞላው ፒክ አፕ የፎርድ፣ የሼቭሮሌና የራም ነው፤ የአውሮፓ ፒክ አፕ ፈልጎ አያገኝም። አንዱ ትልቅ ምክንያት ያ የዶሮ ጠብ ነው። እዚህ ውስጥ ትራምፕ የለም። በ1963 ገና ተማሪ ነበር።

“እሱ ሲሄድ ይመለሳል” ለሚለው ደግሞ መገመትም አያስፈልግም፤ ተሞክሯል። ትራምፕ በጥር 2021 ሄዶ ነበር። በቦታው የመጣው ባይደን ነው፤ የሴኔቱን የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ የመራ፣ ከአውሮፓ መሪዎች ጋር ዕድሜውን የኖረ ሰው። “አሜሪካ ተመልሳለች” እያለ ነው የገባው። በዚያው ዓመት መስከረም አውስትራሊያ ከፈረንሳይ ያዘዘቻቸውን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ሰርዛ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋለች። ፈረንሳይም አምባሳደሯን ከዋሽንግተን ጠራች። በነሐሴ 2022 ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ እስከ 7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ የሚሰጥ ሕግ ወጣ፤ መኪናው ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከተገጣጠመ። ማክሮን ዋይት ሐውስ ድረስ ሄዶ አማረረ። ትራምፕ የጣለው የብረት ቀረጥም በኮታ ተለወጠ እንጂ ጨርሶ አልተነሣም።

ባይደን አውሮፓን ጠልቶ አይደለም። ሂሳቡ ሌላ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን የተሸነፈችው በሚሺጋን፣ በዊስኮንሲንና በፔንሲልቬንያ፣ ሦስቱ ተደምረው 80,000 በማይሞላ ድምፅ ነው። ይህን ቁጥር ያየ የአሜሪካ ፖለቲከኛ፣ ዴሞክራትም ይሁን ሪፐብሊካን፣ ለብራሰልስ፣ ማለት ለአውሮፓ ኅብረት፣ ብሎ የብረት ሠራተኛ አያስቀይምም። ሌላም ቀስ ብሎ የመጣ ለውጥ አለ። በ1960 አሜሪካ ከነበሩ ስደተኞች ከአራቱ ሦስቱ የተወለዱት አውሮፓ ነበር። ዛሬ ከአሥሩ አንድ ገደማ ነው። ፖላንድ ወይም ጣሊያን እናቱን ጥሎ የመጣ መራጭ አንሷል፤ የሌላ አገር ዘመድ ያለው በዝቷል። ይህንን የትኛውም ፕሬዚዳንት ሲሄድ ይዞት አይሄድም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውለት ነገር አለ። ትራምፕ እንደቀድሞዎቹ አይደለም። እነሱ የተጣሉት በዋጋው ነበር፤ በወዳጅነቱ ላይ ጥያቄ አላነሡም። ትሩማንም በ1946 የዴንማርክ የሆነችውን ግሪንላንድን በ100 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ ልግዛ ብሎ ነበር፤ በጨዋ ደንብ ጠየቀ፣ አይሆንም ሲባል ተወው። ትራምፕ ግን በጥር 2025 ኃይል አትጠቀምም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ “አልጠቀምም” ለማለት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም። ከወዳጅ አገር መሬት ለመውሰድ እንዲህ መናገር አዲስ ነገር ነው። ይህን አላቃልልም።

ወደ ሁለተኛው። እዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። አውሮፓ ተኝታ ነበር። በ2014 የኔቶ የዌልስ ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ አባል ከጠቅላላ አገራዊ ምርቱ (ከጂዲፒው) 2 በመቶ ለመከላከያ እንዲያወጣ ቃል ሲገባ፣ ልኩን ያሟሉት አሜሪካ፣ እንግሊዝና ግሪክ ብቻ ነበሩ። ኬኔዲ በ1963 አውሮፓውያን ድርሻቸውን አይከፍሉም ብሎ ለአማካሪዎቹ አማሯል። የኦባማ መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስም በ2011 ብራሰልስ ድረስ ሄዶ አስጠንቅቋል። (ቅሬታው ይህን ያህል ያረጀ ከሆነ “ያጣላቸው ትራምፕ ነው” የሚለው ሌላ ቀዳዳ ተከፈተበት ማለት ነው፤ እሱን ልተወው።)

“ሂሳቡን የምትከፍለው አሜሪካ ናት” የሚለው ግን የተምታታ ነው። ብዙ ሰው ኔቶን እንደ ዕቁብ ያስበዋል፤ ሁሉም የሚጥልበት አንድ ሣጥን ያለ፣ አውሮፓ ዕጣዋን እየወሰደች የማትጥልበት። 2 በመቶው ግን የትም ሣጥን አይገባም። እያንዳንዱ አገር ለገዛ ጦሩ የሚያወጣው ነው። የጋራ ሣጥን አለ፤ ግን ትንሽ ናት፤ በ2025 ወደ 4.6 ቢሊዮን ዩሮ። የአሜሪካ ድርሻ ከዚያ ውስጥ 16 በመቶ አይሞላም ነበር፤ ከጀርመን ጋር እኩል ነበር። የአሜሪካ የመከላከያ በጀት ግዙፍ የሆነው አሜሪካ ፓስፊክንም መካከለኛው ምሥራቅንም ይዛ ስለምትኖር ነው።

አውሮፓ ያሉት ሰፈሮችም ለአውሮፓ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የቆሰሉ የአሜሪካ ወታደሮች መጀመሪያ የሚወሰዱት ጀርመን፣ ራምሽታይን አጠገብ ወዳለው የላንድሽቱል ሆስፒታል ነበር። የአሜሪካ የአፍሪካ ዕዝ ዋና መሥሪያ ቤት የት ነው? አፍሪካ ውስጥ አይደለም፤ ሽቱትጋርት ነው። በዚህ ላይ ገበያው አለ። ፊንላንድ 64፣ ጀርመን 35፣ ፖላንድ 32 ኤፍ-35 ተዋጊ ጄት አዝዘዋል። የኤፍ-35 ዋናው መገጣጠሚያ ፋብሪካ ያለው ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ነው። ይህ ሁሉ “በነፃ” በሚለው ሂሳብ ውስጥ የለም።

ደግሞ አንድ ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቃ የሚቆጥረው አንቀጽ 5 በታሪክ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ነው። ያውም ለአሜሪካ፣ በመስከረም 2001ቱ ጥቃት ማግስት። ያኔ 5 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ እንኳ ያልሞላት ዴንማርክ አፍጋኒስታን ዘምታ ከ40 በላይ ወታደሮቿን ቀብራለች። ዛሬ “ግሪንላንድን አምጪ” የምትባለው ይህችው ዴንማርክ ናት።

አሁን አውሮፓ እየከፈለች ነው። ኔቶ ራሱ ባወጣው ግምት በ2024 ከ32 አባላት 23ቱ 2 በመቶውን ደርሰዋል። በሰኔ 2025 ሄግ ላይ ደግሞ በ2035 ወደ 5 በመቶ እናደርሰዋለን ብለዋል፤ 3.5 ለጦሩ፣ 1.5 ለመሠረተ ልማትና ለመሳሰለው። የትራምፕ ጩኸት ረድቷል፤ የፑቲን ታንክ ግን ይበልጥ ረድቷል። የያኔው የጀርመን መራሔ መንግሥት ሾልዝ የ100 ቢሊዮን ዩሮ የመከላከያ ፈንድ ያወጀው ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሦስት ቀኗ ነው። ያን ጊዜ ዋይት ሐውስ የነበረው ባይደን ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ ረጋ ብዬ ነው የማየው፤ ላይክ የበዛለትም ይሄው ክፍል ነው። ከመጋረጃ ጀርባ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ሁሉን ይወስናሉ የሚለው ወሬ ይጣፍጣል። ያወቀን ያስመስላል። ግን ምን ያህል ያስኬዳል?

በ1974 ቱርክ ቆጵሮስ ላይ ጦር አሳረፈች። የያዘችው መሣሪያ የአሜሪካ ነው። ቱርክ ለአሜሪካ ምን እንደነበረች አስቡ። ከሶቭየት ኅብረት ጋር ትዋሰናለች። ምድሯ ላይ የሶቭየትን ሚሳኤል ሙከራ የሚከታተሉ የአሜሪካ የስለላ ጣቢያዎች አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኪሲንጀር ማዕቀብ እንዳይጣል ተሟገተ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ኮንግረሱ ያሳለፈውን ሁለት ጊዜ ውድቅ አደረገ። የጸሐፊው “ከመጋረጃ ጀርባ” የሚላቸው በአንድ ወገን ተሰለፉ ማለት ነው። በሌላው ወገንስ ማን ነበር? በየከተማው ምግብ ቤት የከፈቱ፣ እሑድ እሑድ በየቤተ ክርስቲያናቸው የሚገናኙ ግሪክ አሜሪካውያን። ምክር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት የግሪክ ልጆች፤ የኢንዲያናው ጆን ብራደማስና የሜሪላንዱ ፖል ሳርባንስ። ኒክሰንን ከሥልጣን ባወረደው የዋተርጌት ቅሌት ማግስት ስለነበር ኮንግረሱም ፕሬዚዳንት የማይፈራበት ጊዜ ነው።

ግሪኮቹ አሸነፉ። ከየካቲት 1975 ጀምሮ ለቱርክ የሚሄደው መሣሪያ ቆመ። ቱርክም በሐምሌ የስለላ ጣቢያዎቹን ሥራ አስቆመች። ማዕቀቡ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1978 ነው። የስለላ ድርጅቶች ሁሉን የሚወስኑ ቢሆን ኖሮ የገዛ ጣቢያዎቻቸውን ለሦስት ዓመት በምግብ ቤት ባለቤቶች ያዘጉ ነበር?

ሌላ ምሳሌ። በየካቲት 1996 የኩባ ተዋጊ ጄቶች በሚያሚ ኩባውያን የሚበርሩ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖችን መትተው ጣሉ። ክሊንተን እስከዚያ ድረስ ሲያንገራግርበት የነበረውን የኩባ ማዕቀብ ሕግ በሳምንታት ውስጥ ፈረመው። የምርጫ ዓመት ነው፤ ፍሎሪዳ ደግሞ ፍሎሪዳ ናት፤ የሚያሚ ኩባውያን ድምፅ የሚሰጡባት። ሕጉ ኩባ በወረሰችው ንብረት የሚነግዱ የውጭ ኩባንያዎችን አሜሪካ ፍርድ ቤት ለማቆም በር ይከፍታል። የተነካችው አውሮፓም ለኩባንያዎቿ “ይህን ሕግ አትታዘዙ” የሚል ሕግ አወጣች። ክሊንተን በኅዳር ፍሎሪዳን አሸነፈ። በዚያው የምርጫ ዘመቻ፣ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ኔቶ በ1999 አዳዲስ አባላት ይቀበል ብሎ ንግግር ያደረገው የት ነው? ብራሰልስ እንዳትሉ። ዲትሮይት፤ ፖላንዳውያን የሰፈሩባት ሃምትራምክ እቅፏ ውስጥ ያለች ከተማ።

ለኛ ይበልጥ የቀረበም አለ። ዲቪን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ የአየርላንድ ኢኮኖሚ ደክሞ ብዙ ወጣት ቦስተንና ኒው ዮርክ ያለ ወረቀት ይኖር ነበር። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለቅርብ ቤተሰብ ስለሚያደላ አይሪሾቹ መግቢያ አጡ። አይሪሽ አሜሪካውያን በኮንግረሱ ላይ ግፊት አደረጉ፤ በ1990 ሕግ ወጣ፤ በመሸጋገሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 40 በመቶው ቪዛ ለአየርላንድ ተወላጆች ተለየ። ከ1995 ወዲህ ግን ዕጣው ለሌላውም ዓለም ተከፈተ። አራት ኪሎ ፎቶ ቤት ተሰልፎ ለዲቪ ፎቶ የተነሣ ሁሉ የቦስተን አይሪሾች ውለታ አለበት። እነዚሁ ሰዎች ናቸው በ1994 ክሊንተን ከታጣቂው አይአርኤ ጋር ትስስር ለነበረው የሲን ፌን ፓርቲ መሪ፣ ለጌሪ አዳምስ፣ ቪዛ እንዲሰጥ የገፋፉት። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ተቃወመ፤ የክሊንተን የራሱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና ኤፍቢአይም አይሆንም አሉ። ቪዛው ግን ተሰጠ።

አውሮፓውያን ራሳቸው ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ማስረጃው የአጸፋ ቀረጥ ዝርዝራቸው ነው። በ2002 ቡሽ በብረት ላይ እስከ 30 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ብረት የሚሠራባቸውን ግዛቶች እያየ። የአውሮፓ ኅብረት የዛተው በምን ላይ ነበር? በፍሎሪዳ ብርቱካን፣ በደቡብ ግዛቶች ጨርቃ ጨርቅ፣ በሃርሊ ሞተር ብስክሌት። ቡሽ በ2000 ፕሬዚዳንት የሆነው በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ብልጫ ነው፤ የግዛቷ አስተዳዳሪም ወንድሙ ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት በቡሽ ላይ ከፈረደ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2003፣ ቀረጡ ተነሣ። በ2018 ትራምፕ ብረት ላይ ሲመጣባቸው ደግሞ ቡርበን ውስኪ ላይ ጫኑ። ቡርበን የኬንታኪ ነው፤ የያኔው የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሚች ማኮኔል የኬንታኪ ሰው ነው። ሃርሊ የዊስኮንሲን ነው፤ የያኔው የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ፖል ራያን የዊስኮንሲን ሰው ነው። ብራሰልስ ቁጭ ብሎ ይህን ዝርዝር ያወጣ ባለሥልጣን ስለ መጋረጃ ጀርባ አላሰበም። የምርጫ ካርታ ዘርግቶ ነው የሠራው።

ሎቢ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ገንዘቡም ብዙ ነው። አይዘንሃወር በ1961 ሲሰናበት የጦር ኢንዱስትሪውን ጉልበት ማስጠንቀቁም እውነት ነው፤ ጸሐፊው እሱን መጥቀሱ ትክክል ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ኤፍ-35 የሚሠራው ኩባንያ ዕቃ አቅራቢዎቹን በአብዛኞቹ ግዛቶች የበተነው ለምንድን ነው? አንድ ቦታ ቢሰበስባቸው ይቀለው ነበር። የበተናቸው የኮንግረስ አባላት ድምፅ ስለሚያስፈልገው ነው። ኮንግረሱ ለታይታ የቆመ ቢሆን ይህን ሁሉ ድካም ማን ይደክማል?

አራተኛው አጭር ነው። “በአንድ ፊርማ” የሚለው በሕግ ልክ አይደለም። በታኅሣሥ 2023 የጸደቀው የመከላከያ ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ ያለ ሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም ያለ ኮንግረሱ ሕግ ከኔቶ መውጣት አይችልም ይላል። ያንን አንቀጽ ያቀረቡት ሁለት ሴናተሮች ናቸው፤ ዴሞክራቱ ቲም ኬይንና ሪፐብሊካኑ ማርኮ ሩቢዮ። አዎ፣ ትራምፕ በ2025 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ያደረገው ያው ሩቢዮ። በታኅሣሥ 2025 የወጣው የመከላከያ ሕግ ደግሞ አውሮፓ ያለው የአሜሪካ ጦር ከ76,000 በታች ወርዶ እንዳይቆይ ገደብ አበጀ። ሁለቱም ምክር ቤቶች በትራምፕ ፓርቲ እጅ እያሉ ነው ይህ የሆነው።

በርግጥ ሕጉ በፍርድ ቤት አልተፈተነም። ካርተር ከታይዋን ጋር የነበረውን የመከላከያ ውል ለብቻው ሲሰርዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 ውሳኔ ከመስጠት ሸሽቷል። ከዚህ የሚከፋም አለ። ፕሬዚዳንቱ ሳይወጣም ውሉን ባዶ ማድረግ ይችላል፤ “ብትወረሩ አልመጣም” ካለ ፊርማም አያስፈልገውም። ጸሐፊው ይህን ቢል ኖሮ እስማማ ነበር። “ሞቷል” የሚለው ግን ገና ነው። በሚያዝያ 2024 ለዩክሬን ወደ 61 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣው ሕግ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ 311 ለ112 አለፈ። የተቃወሙት 112ቱም ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ የደገፉት ሪፐብሊካኖችም 101 ነበሩ። አንድ ፓርቲ ለሁለት ተሰንጥቋል። ለወራት ያዘገየውም፣ በመጨረሻ ያሳለፈውም ይኸው ስንጥቅ ነው።

አምስተኛው፣ “ለኛ ሲሳይ ነው” የሚለው። ቀብር ሳይኖር ንፍሮ መጠበቅ ይሆናል። የካቲት 2025ን እንይ። ዋሽንግተን ዩኤስኤይድን እያፈረሰች ነበር። በዚያው ወር የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስታርመር የመከላከያ በጀቱን ለማሳደግ የውጭ ዕርዳታውን ከአገራዊ ገቢው 0.5 ወደ 0.3 በመቶ እንደሚያወርድ አስታወቀ። አውሮፓ “አሜሪካ አትጠብቀኝም” ብላ ጠመንጃ ስትገዛ፣ ገንዘቡ ከሚወጣባቸው ኪሶች አንዱ የኛ ክሊኒክ ነው። ለአፍሪካ መንግሥታት የመደራደሪያ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል፤ እቀበላለሁ። ሲሳይ ግን ትልቅ ቃል ነው።

ደግሞ ጽሑፉ ዳያስፖራውን “እነሱ ከላይ ወስነውታል፣ ዝም ብለህ ተመልከት” የሚል ይመስላል። ይህ ከተሞክሯችንም ጋር አይሄድም። በሚያዝያ 2018 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት 128 ቁጥር የተሰጠውን የውሳኔ ሐሳብ አሳለፈ። የደገፈም የተቃወመም ኢትዮጵያዊ አለ፤ ክርክሩ እሱ አይደለም። ማን ነው የገፋው? ከገፉት አንዱ የኮሎራዶው ሪፐብሊካን ማይክ ኮፍማን ነው። የምርጫ ክልሉ ኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል፤ ክልሉም ሁለቱ ፓርቲዎች አንገት ለአንገት የሚፎካከሩበት ነበር። ኮፍማን በዚያው ዓመት በኅዳሩ ምርጫ ተሸነፈ። የኛ ሰው ድምፅ ብቻውን አላዳነውም፤ ግን ቆጥሮት ነበር።

ጸሐፊው መልስ ሊጽፍ እንደሚችል እገምታለሁ፤ ቢጽፍ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ እንዲመልስልኝ እጠይቃለሁ፤ የ1975ቱን የቱርክ ማዕቀብ። ኪሲንጀርና ፎርድ በአንድ ወገን ቆመው ግሪኮቹ እንዴት አሸነፉ?